ከፋይ ያጣ መስፈርት

ከቦሌ መድኃኔዓለም እስከ ሃያ ሁለት፣ በመገናኛ አልፎ እስከ ገርጂና ሲኤምሲ ካሉት የግል ክሊኒኮች ወደ ብዙዎቹ የገባ ሰው ካርድ ክፍል ላይ ኮምፒውተር ያያል። ስም ይጻፋል፣ ስልክ ይመዘገባል፣ የካርድ ይከፈላል። ሐኪሙ ጋ ሲገባ ግን ብዙ ጊዜ ያው እስክሪብቶና ያው ወረቀት ነው። ሶፍትዌሩ የተገዛው ለሒሳብ ክፍሉና ለፋርማሲው ነው፤ የሕመም ታሪክ የሚጻፍበት ገጽ ቢኖረውም የሚሞላው የለም። ቢሞላም ገርጂ የተጻፈውን ሃያ ሁለት ያለው ክሊኒክ አያነበውም።

ስለዚህ ጥያቄው ይመላለሳል። ለሕክምና መዝገብ የሚሸጥ ሶፍትዌር እንደ መድኃኒቱ ተመርምሮ፣ መስፈርት ማሟላቱ ተረጋግጦ ለምን ገበያ አይገባም? መልሱም የታወቀ ነው፦ መብራት ይጠፋል፣ ኔትወርክ ይቆራረጣል፣ የሠለጠነ ሰው የለም። ለገጠር ጤና ጣቢያ ይህ እውነት ነው። ቦሌ ላይ ግን አላምነውም። ጀነሬተር ገዝቶ ሲቲ ስካን የሚያሠራ ማዕከል መዝገብ ላይ ሲደርስ ብቻ መብራት የሚያሳስበው ለምንድን ነው?

አንድ ጤና ጣቢያ ውስጥ የኤች አይ ቪ ሕክምና ክፍሉ ዛምቢያ በተጀመረው ስማርትኬር በተባለ ሶፍትዌር ሲመዘግብ፣ ግድግዳ የሚጋራው ተመላላሽ ክፍል በወረቀት ሲሠራ ዓመታት አልፈዋል። መብራቱም ኔትወርኩም አንድ ነው። ልዩነቱ የኤች አይ ቪውን ወጪ የሚደግፈው የአሜሪካው ፔፕፋር ስንት ሰው መድኃኒት እንደጀመረ፣ ስንቱ እንዳቋረጠ መጠየቁ ነው። በሰው ገንዘብ የቆመ አሠራር ደግሞ የሚያስከትለውን በጥር 2017 ዓ.ም. አየነው፤ የአሜሪካ ዕርዳታ ሲታገድ ጤና ሚኒስቴር የ5,000 ያህል ሠራተኞችን ውል አቋርጧል።

በአሜሪካም ቢሆን ሶፍትዌር መስፈርት ማሟላቱ እንዲረጋገጥ ያደረገው ገንዘብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው ሕግ በተረጋገጠ ሶፍትዌር ለሚጠቀም ሐኪም ማበረታቻ ሰጠ፤ ኋላ ደግሞ የማይጠቀመው ሜዲኬር ከተባለው የመንግሥት ጤና መድን የሚያገኘውን ክፍያ ቀነሰ። ገንዘቡ ማጭበርበርንም ጋበዘ። ኢክሊኒካልወርክስ የተባለው ኩባንያ ሙሉውን የመድኃኒት ኮድ ዝርዝር ማስገባት ሲገባው ለፈተናው የሚያስፈልጉትን 16 ኮዶች ብቻ አስገብቶ አልፏል ተብሎ ተከሰሰ፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ጉዳዩን በ155 ሚሊዮን ዶላር ዘጋ። ከፋይ መኖሩ ብቻውን በቂ አይደለም ማለት ነው። ከፋይ በሌለበት ግን ለማጭበርበር እንኳ የሚደክም የለም።

ቦሌ ላይ ከፋዩ ታካሚው ነው፤ ከኪሱ፣ በመጣ ቁጥር። በመሥሪያ ቤት ክሬዲት የሚታከመውም ቢሆን አሠሪው የሚፈልገው ማኅተም ያረፈበት ደረሰኝ ነው። ሠራተኛው 3 በመቶ፣ አሠሪው 3 በመቶ እንዲያዋጡ የታሰበበት የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690 በ2002 ዓ.ም. ወጥቶ፣ ከደመወዛችን አይቆረጥ የሚል ተቃውሞ ገጥሞት ከዐሥር ዓመት በላይ ሳይተገበር ቆየ። ስለ ሶፍትዌር መስፈርት ሲወራ ይህ አዋጅ ሲነሳ አልሰማም። እኔ ግን ዋናው ምክንያት የእሱ አለመተግበር ይመስለኛል። ያንኑ የደም ምርመራ በሳምንት ሁለት ጊዜ ለመክፈል እንቢ የሚል ተቋም ቢኖር፣ የመጀመሪያውን ውጤት አሳዩኝ ይል ነበር።

አሁን ውጤቱን የሚያጓጉዘው ፌስታል ነው። አንዲት እናት ከፌስታላቸው የላብራቶሪ ወረቀት፣ የአልትራሳውንድ ሪፖርትና አምና የተነሡትን ኢሲጂ ያወጣሉ። ኢሲጂው በሙቀት በሚታተም ወረቀት ላይ ስለሆነ መስመሩ ደብዝዟል። ሐኪሙ ወደ ብርሃን አዙሮ ካየው በኋላ «እማማ፣ እዚሁ ይደገም» ይላል። ሐኪሙ አልበደለም፤ ያላነበበውን አምኖ መድኃኒት ሊያዝ አይችልም። ለክሊኒኩ ግን ድጋሚ ምርመራ ገቢ ነውና መዝገቡ እንዲወጣ የሚያስቸኩለው ነገር የለም። ታካሚውም ካርዱ ያለበት ቤት ይመለሳል።

መስፈርት ከወጣ የመጀመሪያው ፈተና ይኸው መሆን አለበት እላለሁ፦ የአንድ ታካሚ መዝገብ ሌላ ሶፍትዌር በሚያነበው መልክ ይውጣ። ሻጩ ሥራ ሲያቆም ወይም ክሊኒኩ ሶፍትዌር ሲቀይር የዓመታት መዝገብ አብሮ የሚቀረው ይህ ስላልተጠየቀ ነው። ቀጥሎ የአገሩን ነገር ይቻል፤ ጳጉሜን 6 የተወለደውን ይቀበል፣ የአባት ስም የቤተሰብ ስም ነው ብሎ ወንድምና እኅትን ከእናታቸው አይለይ፣ ዓለሙና አለሙ አንድ ሰው ሊሆኑ እንደሚችሉ ይጠርጥር። የብሔራዊ መታወቂያው የፋይዳ ቁጥር የመጨረሻውን ሊያቃልል ይችላል። ያ ቁጥር ከምርመራ ውጤት ጋር ሲያያዝ ግን መረጃው ካፈተለከ ጉዳቱ ይከብዳል፤ የጤና መረጃን በተለየ ጥንቃቄ እንዲያዝ ያዘዘው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ደግሞ የወጣው ገና በ2016 ዓ.ም. ነው።

የማልደፍረው ነገር ቢኖር ግዴታውን በአንድ ቀን ሁሉም ላይ መጫን ነው። ጎሮ ወይም ሰሚት ያለች ባለ ሦስት ክፍል ክሊኒክ የተረጋገጠ ሶፍትዌር ግዢ ተብላ ብትታዘዝ፣ ወይ ወጪውን የካርድ ዋጋ ላይ ትጨምራለች፣ ወይ ኮምፒውተሩን ዘግታ ወደ ወረቀት ትመለሳለች። ወረቀት ደግሞ ፈተና የለበትም። ከትልልቆቹ፣ በተለይም ለድርጅቶች በክሬዲት ከሚያክሙት ቢጀመር ይሻላል፤ እነሱ ቢያንስ ደረሰኙን የሚያይ ከፋይ አላቸው።