የመሬት አጠቃቀም ለውጥና የመርካቶ አረጋውያን

በአሪዞና እ.ኤ.አ. በ1960 የተከፈተችው ሰን ሲቲ ለጡረተኞች ታስባ የተሠራች ከተማ ናት። በመርካቶ ጥያቄው የተገላቢጦሽ ነው፦ አረጋውያኑ ቀድሞውንም በሰፈሩ አሉ፤ መሬቱ ከመኖሪያ ወደ ንግድ ሲዛወር ግን ይበተናሉ።

ነገሩ ከአዋጅ ቁጥር 47/1967 ይነሣል። አዋጁ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ሲያደርግ፣ ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት በቀበሌ እጅ ገቡ። በእነዚህ ቤቶች ያረጀ ተከራይ ሰፈሩ ሲፈርስ ምትክ የኪራይ ቤት ወይም ኮንዶሚኒየም የመግዛት ዕድል ቢያገኝም፣ ቅድመ ክፍያው ለኪሱ፣ ደረጃው ለጉልበቱ ይከብዳል።

አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ከአካባቢያቸው ርቀው ለሚሰፍሩ ተነሺዎች የማኅበራዊ ትስስር መቋረጥ ካሳን መደንገጉ በጎ ነው። ሆኖም ገንዘብ ዕድርን አይተካም። አዛውንቱ ለዓመታት ያዋጡት ድንኳን እንዲተከልላቸው፣ ቀብራቸውም በወግ እንዲፈጸም ነው፤ ይህን የሚያደርገው ጥሪ ሰምቶ በእግሩ የሚደርስ ጎረቤት ነው። በመሆኑም የፕላን ለውጥ ከመጽደቁ በፊት ከቤቱ ስፋት ጋር የዕድርተኞች ዝርዝር ሊመዘገብ ይገባል፤ ምትክ ቤትም ለዕድርተኞች በአንድ መንደር፣ ለአረጋውያኑ ደረጃ በማያስወጣው ወለል ይመደብ።