የቃል ነጻነትና የቃል ዳኝነት

በመንዝ፣ በግሼና በመርሐ ቤቴ ደጋ ወሬ የሚሰማው በገበያና በደጀ ሰላም ነበረ፤ ዛሬ ግን በቴሌግራምና በፌስቡክም ይደርሳል። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 29 ሐሳብን የመግለጽ ነጻነትን ሰጥቶ ቅድመ ምርመራን ከልክሏል። አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ደግሞ የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን ይቀጣል፤ የማኅበራዊ መገናኛ ድርጅትም ጥቆማ በደረሰው በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያነሣ ያዛል።

ይሁን እንጂ ጥቆማ ፍርድ አይደለም። አማርኛን በቅጡ የማያውቅ መርማሪ ሰሙን እንጂ ወርቁን አያይም፤ ቀልዱን ከዛቻ መለየት ይቸግረዋል። ስለዚህ የሚያነሣው ምክንያቱን ይግለጽ፤ የተነሣበትም ይግባኝ ይበል። እናንተም ያላጣራችሁትን አታስተላልፉ፤ ካፍ ከወጣ አፋፍ ነውና።