ባቄላው በደባርቅ ለምን ዘግይቶ ይበስላል? የሳይንስ ትምህርት በኮምፒዩተር ሙከራ

ከጎንደር ከተማ ወደ ሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በደባርቅ፣ ባቄላ የጣደች እናት ማገዶ እንደሚፈጅባት በሚገባ ታውቃለች። ውሃው ይንፈቀፈቃል፤ ባቄላው ግን አልበስል ይላል። ምክንያቱ የአየር ግፊት ማነስ ነው። በባሕር ጠረፍ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ፣ ከባሕር ወለል 2,100 ሜትር ያህል ከፍ ባለችው በጎንደር በ93፣ 2,800 ሜትር ገደማ በሆነችው በደባርቅ ደግሞ በ91 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ከዚያ ወዲያ እንጨት ቢጨመርበት ውሃው ቶሎ ይተን እንደሆነ እንጂ አይግልም።

ይህን በጥቁር ሰሌዳ መናገር ይቻላል፤ ማሳየቱ ነው የሚያስቸግረው። የውሃ ቅንጣት በዓይን አይታይም፤ የተሟላ ቤተ ሙከራም በየገጠሩ ትምህርት ቤት አይገኝም። ሲሙሌሽን የሚባለው የኮምፒዩተር ሙከራ የሚረዳው እዚህ ላይ ነው። በ2001 እ.ኤ.አ. በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኙት ካርል ዋይማን በ2002 በአሜሪካ ኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ያቋቋሙት ፌት የተባለው ድርጅት እንዲህ ያሉ ሙከራዎችን አዘጋጅቶ በነፃ ያድላል። ተማሪው በመስኮቱ ላይ ከሚታየው ዕቃ ሥር እሳት ሲያነድ ቅንጣቶቹ ሲፈጥኑና ሲበታተኑ፣ በረዶ ሲያደርግ ሲሰበሰቡ ያያል። ክዳኑን ወደ ታች ሲጫነው የግፊት መለኪያው ይነሣል። ቢሳሳት ይደግመዋል፤ የሚሰበር ብርጭቆ የለም።

በ1997 ዓ.ም. አካባቢ በሀገራችን የ2ኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባውን የፕላዝማ ትምህርት የሚያስታውሱ ብዙዎች ናቸው። ያ ትምህርት በሳተላይት፣ በእንግሊዝኛ ይመጣ ነበር። መምህሩ ሊያቆመው አይችልም፤ መብራት ከጠፋ ትምህርቱ አልፎ ይሄዳል። ሲሙሌሽን ግን አንድ ጊዜ ከኢንተርኔት ተጭኖ ከተቀመጠ ያለ መረብ ይሠራል፤ መምህሩ መካከል ላይ አቁሞ፣ «አሁን ክዳኑን ብናነሣው ምን ይሆናል?» ብሎ በአማርኛ ሊጠይቅ ይችላል። እኔ ከሁሉ የማስበልጠው ይህን ጥያቄ ነው። ተማሪው አስቀድሞ ካልገመተ፣ የሚያየው ሁሉ ጨዋታ ሆኖ ይቀራል።

መስኮቱ ግን ደባርቅን አያውቅም። የሚያሳየው ጥቂት ቅንጣቶችን ነው፤ 91 የሚለውን ቁጥር አይሰጥም። ስለዚህ ከኮምፒዩተሩ አጠገብ እውነተኛ ድስትና ቴርሞሜትር መኖር አለበት።

በክልሉ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው፣ ልጆች የትምህርት ዘመን ባክኖባቸዋል። ያመለጠውን ለማካካስ ጊዜው አጭር ነው። በወላጅ መምህር ኅብረት የምትሰበሰቡ የገበሬ ማኅበር መሪዎች አዲስ ዕቃ ከመጠየቃችሁ በፊት የትምህርት ቤታችሁን ክፍል አስከፍታችሁ እዩ። የሚሠራ ኮምፒዩተር አለ ወይ? ቁልፉ በማን እጅ ነው? ጎንደር ወይም ደባርቅ የሚወርድ መምህር ሙከራዎቹን በፍላሽ ገልብጦ ሊመለስ ይችላል። መብራት በሌለበት ቀበሌ አንድ ላፕቶፕ የሚሞላ የፀሐይ ኃይል መሣሪያ ይበቃል፤ በአንድ ላፕቶፕ ዙሪያ አራት አምስት ልጆች ተራ እየገቡ ይሠራሉ። ቴርሞሜትሩ ከጤና ጣቢያ የሚገኘው ዓይነት እንዳይሆን፤ እሱ የሰውን ትኩሳት እንጂ የፈላ ውሃ አይለካም፣ ይፈነዳል።