ልጁ ማንበብ ጠልቶ ነው ወይስ ማንበብ ከብዶት?

 

ትምህርት ቤቶች ካርድ በሚሰጡበት ሰሞን ኢንቦክሳችን ውስጥ የሚበዛ አንድ ጥያቄ አለ። «ዶክተር፣ ልጄ መጽሐፍ ሲያይ ይሸሻል፤ ለማስታወስ የሚረዳ ቫይታሚን ንገረኝ።» አጭሩን መልስ ላስቀድም፦ ማንበብ የሚያስወድድ ቫይታሚን የለም። ለሽሮፕ የምታወጡትን ብር ያዙትና ይህችን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። መምህራን የሆናችሁ ደግሞ ለእናንተ ይበልጥ ነው የጻፍኩት፤ ምክንያቱም ነገሩ ቀድሞ የሚታየው ክፍል ውስጥ ነው።

ሰው የሚያደክመውን ነገር አይወድም። ልጅ ደግሞ «ፊደሉ ይደበዝዝብኛል» አይልም። ሁሉም ሰው እንደሱ የሚያይ ስለሚመስለው የሚለው «ይሰለቸኛል» ነው።

አንድ እናት የ4ኛ ክፍል ልጃቸውን ለራስ ምታት ይዘው መጡ። «ቅዳሜና እሁድ አያማትም፤ ትምህርት ላለመሄድ ነው የምታስመስለው» አሉኝ። ለእኔ ግን ቅዳሜና እሁድ አለማመሙ ሌላ ነገር ነው የነገረኝ። የምታነበው በትምህርት ቀን ነዋ! ከቦርሳዋ መጽሐፍ አውጥታ እንድታነብልኝ ጠየቅኳት። የመጀመሪያዎቹን መስመሮች ጥርት አድርጋ አነበበች። ከዚያ ዓይኗን ማሸት ጀመረች፣ መስመር ዘለለች፣ መጨረሻ ላይ «ሰለቸኝ» ብላ ዘጋችው። የዓይን ሐኪም ጋ ስትታይ ከሩቁ ይልቅ የቅርቡን ለማየት የምትቸገር ሆና ተገኘች፤ መነጽር ታዘዘላት።

ይህ ዓይነቱ ችግር ብዙ ቤተሰብ ያታልላል። ልጁ ሰሌዳውን ያነባል፣ መንገድ ላይ የታክሲ ታርጋ ሳይቀር ያነባል፤ ስለዚህ «ዓይኑማ ደህና ነው» ይባላል። የልጅ ዓይን ግን ጡንቻውን አጥብቆ ስለሚሠራ ቅርቡንም ለጥቂት ደቂቃ አጥርቶ ሊያሳየው ይችላል፤ ቆይቶ ሲደክም ነው ፊደሉ የሚደበዝዘውና ግንባሩን የሚያመው። የሩቁን ማየት የሚቸገረውን መለየት ይቀላል፦ ዓይኑን ያጠባል፣ ወደ ፊት ዴስክ መቀየር ይፈልጋል፣ ከሰሌዳው ሳይሆን ከጓደኛው ደብተር ይገለብጣል።

ሦስተኛው ዝም የሚለው ነው። አንዱ ዓይን ደህና ሆኖ ሌላው ሲደክም አእምሮ ደካማውን ይተወዋል። «ሰነፍ ዓይን» የምንለው ይኼ ነው። ልጁ በአንዱ ዓይኑ ስለሚያይ ምንም አይልም። ሕክምናው ደግሞ ከ7 ዓመት በፊት ሲጀመር ይበልጥ ይሠራል፤ ከዚያም በኋላ ቢሆን ግን ከመሞከር አትቦዝኑ። ቤት ውስጥ አንዱን ዓይኑን በእጃችሁ ሸፍናችሁ አስነብቡት፣ ከዚያ ሌላውን። ልዩነት ካለ ወይም አንዱ ሲሸፈን ብቻ የሚነጫነጭ ከሆነ ወደ ዓይን ሐኪም ውሰዱት። ልዩነት ባታዩም ምርመራውን አይተካም።

«መነጽር ዓይን ያደክማል» የሚባለው ትክክል አይደለም። ልጆች መነጽር ያደረገ ጓደኛቸውን «ባለ አራት ዓይን» እያሉ ሲያበሽቁት ደግሞ መምህር እንዲህ ቢላቸውስ እላለሁ፦ በእኛ አገር «አራት ዓይና» የሚባለው ብሉይን፣ ሐዲስን፣ ሊቃውንትንና መነኮሳትን አራቱንም ጉባኤ የዘለቀ ሊቅ ነው። ስድቡ ማዕረግ ሆኖ አረፈው!

ጆሮም አለ። ጉንፋን የሚመላለስበት ወይም ጆሮው የሚመግል ልጅ ድምፅ ይደበዝዝበታል። ተ እና ጠ፣ ከ እና ቀ ይምታቱበታል። አጥርቶ ያልሰማውን ድምፅ ከፊደል ጋር ማገናኘት ከባድ ነው። እባካችሁ ጆሮ ውስጥ ዘይትም ነጭ ሽንኩርትም አትጨምሩ።

ዓይንም ጆሮም ደህና ሆኖ የማያነብ ልጅስ? ብዙ ጊዜ ፊደሉ ራሱ አልገባውም። 33 የፊደል ቤቶች ሲባዙ በ7፣ 231 ፊደል ነው፤ ለአንድ ትንሽ ልጅ ቀላል ሸክም አይደለም። ሀ ሁ ሂ ሃ እያለ በዜማ ሊወርደው ይችላል፤ ከመሃል «ጌ»ን ነጥላችሁ ብታሳዩት ግን ከ«ገ» ጀምሮ እየዘመረ ካልመጣ አያገኛትም። የጥንቱ የቄስ ትምህርት ቤት ይህን ያውቅ ነበር። ከሀሁ ቀጥሎ አ ቡ ጊ ዳ የሚያስቆጥረው፣ ቅደም ተከተሉን አፍርሶ ልጁ ፊደሉን ለይቶ ይሁን በዜማ ብቻ የያዘው ለማወቅም ይረዳል። በ2002 ዓ.ም በተለያዩ ክልሎች በተደረገ የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ከሦስት አንድ ያህሉ አንድም ቃል ማንበብ አልቻሉም ነበር። ለእንዲህ ዓይነት ልጅ «ማንበብ ውደድ» ማለት ዋና ለማያውቅ ሰው «ውኃ ውደድ» እንደማለት ነው።

በደንብ እየተማረ፣ በሌላው ነገር ብሩህ ሆኖ ንባብ ላይ ብቻ የሚቀር ልጅም አለ። ዲስሌክሲያ ሊሆን ይችላል። በቤተሰብ ይወርሳል፤ ስንፍናም የአእምሮ ማነስም አይደለም፤ ክኒንም የለውም። የሚረዳው ድምፅና ፊደልን ደረጃ በደረጃ፣ እየደጋገሙ ማስተማር ነው።

አሁን ወደ ክፍል እንግባ። 60 ልጅ ባለበት ክፍል «አንተ፣ ተነስና አንብብ!» ሲባል በልጁ አካል ውስጥ ምን እንደሚሆን አስቡት። አድሬናሊን ይለቀቃል፣ ልብ ይመታል፣ አፍ ይደርቃል። አንድ ቃል ሲሳሳት ክፍሉ ይስቃል። የተሸበረ ልጅ ያነበበውን አይረዳም፤ የሚይዘው ሳቁን ነው። በዓመት ስንት ጊዜ? ጥፋት ሲያጠፋ ደግሞ «ይህን ገጽ 10 ጊዜ ገልብጥ» ይባላል። ንባብን ቅጣት አድርገን ሰጥተን ለምን አይወደውም ስንል ይገርመኛል።

መምህራን፣ የምጠይቃችሁ ብዙ ብር የሚያስወጣ አይደለም። ነገ የሚያነበውን አንቀጽ ዛሬ ንገሩት፣ ተለማምዶ ይምጣ። ሁለት ሁለት ሆነው ለእርስ በርሳቸው ያንብቡ። ሁሉም በአንድ ላይ ሲያነቡ ደካማውም ድምፁን ደብቆ ይለማመዳል። ከሁሉ የምወደው ግን ይኼ ነው፦ በቀን 10 ደቂቃ እናንተ አንብቡላቸው። ጥያቄ የለውም፣ ማርክ የለውም። «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» ብሎ የማይመልስ ልጅ አላውቅም፤ ጆሮው ለታሪክ ዝግጁ ነው። ታሪኩ ሊጋጋል ሲል መጽሐፉን ዝጉና «የቀረውን ነገ» በሏቸው። መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ ትታችሁ ውጡ፣ ማን መጥቶ እንደሚገልጠው ታያላችሁ።

መጽሐፍ እንዳይቀደድ ተብሎ ቁም ሳጥን ውስጥ የሚቆለፍባቸው ትምህርት ቤቶችም አሉ። የተቀደደ መጽሐፍ የተነበበ ነው፤ ፕላስተር አለ። ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ በሐዋሳ መጻሕፍትን በአህያ ጋሪ ጭኖ ልጆቹ ያሉበት ድረስ ያደረሰ ሰው ነው። የእኛ ከቁም ሳጥን እስከ ዴስክ ነው፣ ስንት ሜትር ነው?

ወላጆች፣ ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ9 እስከ 12 ሰዓት መተኛት አለበት። ስልክ ከመኝታ ክፍል ይውጣ፣ የእናንተም ጭምር።

ቀጠሮ የማይሰጣቸው ምልክቶች አሉ። በፎቶ ላይ የዓይኑ ብሌን ነጭ ሆኖ የሚታይ፣ አንዱ ዓይኑ የሚንሸዋረር፣ ጆሮው ከሁለት ሳምንት በላይ የሚመግል ልጅ ቶሎ ይታይ። ደህና ያነብ የነበረ ልጅ በድንገት ከቀነሰም እንዲሁ። በተለይ እያነበበ መሃል ላይ ለጥቂት ሰከንድ ፈዞ፣ ስሙ ሲጠራ ሳይሰማ ቀርቶ፣ ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ የሚቀጥል ከሆነ፣ ሐሳቡ ሄዶ ላይሆን ይችላል። ሳይጥል የሚመጣ የሚጥል በሽታ ዓይነት አለ፤ መድኃኒትም አለው። ሲፈዝ ካያችሁት በስልካችሁ ቪዲዮ ቅረጹትና ለሐኪሙ አሳዩት።