የኬሞ ወረቀታችሁን አትጣሉ



በመካኒሳ አቦ በጉርብትና የምናውቃቸው አንዲት እናት አሉ። የጡት ካንሰር ሕክምናቸውን ጨርሰው «አልሐምዱ ሊላህ፣ ዳንኩ» ካሉ ሁለት ዓመት አልፏቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ከአስፋልቱ እስከ ቤታቸው ያለችውን አጭር ዳገት ሦስት ጊዜ ሳያርፉ መውጣት አቃታቸው። ሌሊት ትራስ ካልደራረቡ ትንፋሽ ያጥራቸዋል፤ ማታ ማታ እግራቸው ያብጣል። «እርጅና ነው» አሉ፤ እኛም አመንናቸው። በአንድ ክሊኒክ የሳል መድኃኒት ተሰጣቸው። ቀድሞ ምን ሕክምና እንደወሰዱ የጠየቃቸው አልነበረም፤ እርሳቸውም አልተናገሩም። ልባቸው መድከሙ በልብ አልትራሳውንድ የታወቀው ከወራት በኋላ ነው።

ለመሆኑ ነገሩ ምንድን ነው? ለጡት ካንሰርና ለሌሎችም ካንሰሮች ከሚሰጡት ዋና መድኃኒቶች አንዱ ዶክሶሩቢሲን ይባላል። ቀይ በመሆኑ ታካሚዎች በመልኩ ያውቁታል፤ ከተሰጠ በኋላ ለአንድ ሁለት ቀን ሽንትን ቢያቀላ የመድኃኒቱ ቀለም ነውና አያስደንግጥ። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በጣሊያን የተገኘ ሲሆን፣ ምንጩ በአፈር ውስጥ የሚኖር ባክቴሪያ ነው። የብዙዎችን ሕይወት አትርፏል፤ ዛሬም ያተርፋል። ነገር ግን የልብን ጡንቻም ሊጎዳ ይችላል። የልብ ጡንቻ ደግሞ አንዴ ከሞተ እንደ ቆዳ አይተካም። ጉዳቱም ከዓመታት በኋላ ብቅ ሊል ይችላል።

ጉዳቱን በተለይ የሚወስነው በጠቅላላው የተወሰደው መጠን ነው። በ2003 (እ.ኤ.አ.) የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ በአንድ ካሬ ሜትር የሰውነት ገጽ ተሰልቶ 400 ሚሊግራም ከወሰዱ 100 ሰዎች 5 ያህሉ፣ 550 ከወሰዱት ደግሞ 26 ያህሉ የልብ ድካም ይገጥማቸዋል። ሐኪሞች መጠኑን እየደመሩ የሚይዙት ለዚህ ነው። በጡት ካንሰር የተለመደው 4 ዙር ሲደመር 240 ስለሆነ፣ አብዛኞቹ ታካሚዎች የልብ ድካም አይደርስባቸውም። የደም ግፊት ወይም የቆየ የልብ ሕመም ያለባቸው፣ አረጋውያን፣ ሕፃናትና ደረታቸው ላይ ጨረር የወሰዱ ግን የበለጠ ጥንቃቄ ያሻቸዋል።

ታዲያ ምን እናድርግ? አንደኛ፣ ይህን ሰምቶ ኬሞን ማቋረጥ ትልቅ ስሕተት ነው፤ ያልታከመ ካንሰር ይገድላልና። ሁለተኛ፣ ከሕክምናው በፊትም በኋላም ልብ እንዲታይ ሐኪሙን እንጠይቅ። ሦስተኛ፣ የመድኃኒቱ ስምና መጠን የተጻፈበትን ወረቀት እናስቀምጥ፤ ለማንኛውም ሕመም ሐኪም ዘንድ ስንሄድም «ኬሞ ወስጃለሁ» እንበል። አራተኛ፣ የልብ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ረመዷን ሲገባ ሰዓቱን በገዛ እጁ አይለውጥ። ሕመምተኛ እንዲያፈጥር ተፈቅዶለታልና ሐኪሙንም ዓሊሙንም ያማክር።

ጎረቤታችን ዛሬ ኢናላፕሪልና ካርቬዲሎል የተባሉትን የልብ መድኃኒቶች ይወስዳሉ። ዳገቷን ቀስ ብለው፣ አንድ ጊዜ ብቻ አርፈው ይወጧታል። ልጃቸው የኬሞውን ወረቀት ከፍራሽ ሥር አውጥታ በፕላስቲክ ጠቅልላ አስቀምጣለች። በእናንተስ ቤት ያለው ወረቀት የት ነው? ዛሬውኑ ፈልጉት።