የግሽ ዓባይ ጉዞ በማን እጅ ይሁን?

ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው አስፋልት ደንበጫን፣ ፍኖተ ሰላምንና ቡሬን አቋርጦ ያልፋል። መንገደኛው ምሳ በልቶ፣ ነዳጅ ቀድቶ ይቀጥላል። ከአስፋልቱ ወጣ ብሎ ሰከላ ላይ የዓባይ መነሻ ግሽ ዓባይ መኖሩን ግን የሚነግረው የለም። ስፔናዊው ፔድሮ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1618 ይህን ምንጭ አይቷል፤ ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስም በ1770 አገር አቋርጦ የመጣው ይህንኑ ለማየት ነበር። ስለ ግሽ ዓባይ ጉብኝት ሲነሳ አስቀድሞ የሚወራው ስለ መንገድና ስለ ሆቴል ነው። እኔ ግን ከሁሉ በፊት ጉዞው በማን እጅ እንደሚሆን መወሰን አለበት እላለሁ።

ለዚህ ከሩቅ አገር ምሳሌ አለ፤ በሜክሲኮና በጓቲማላ ድንበር በሚፈሰው ኡሱማሲንታ ወንዝ ዳር ፍሮንቴራ ኮሮሳል የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ያሽቺላን የተባለውን የጥንት ማያዎች ፍርስራሽ ማየት የፈለገ ሰው መኪናውን እዚያ አቁሞ፣ የአካባቢው ተወላጆች በሚያሠሩት ረጅም ጀልባ በወንዙ ይወርዳል። ስለዚህ የጎብኚው ገንዘብ የወንዙን ዳር ነዋሪ ሳይደርስ አያልፍም። ግሽ ዓባይ ጀልባ የሚሄድበት ቦታ አይደለም፤ የቆየ የጉዞ ሥርዓት ግን አለው። ምእመኑ በተለይ ጥር 13 ቀን ለጻድቁ አቡነ ዘርዐ ብሩክ በዓል ይመጣል። እህል የቀመሰ ሰው ወደ ምንጩ አይገባም፤ ጠበሉን ጠጥቶ የሚመለሰውም በጀሪካን ለቤተሰቡ ይዞ ይሄዳል። እንግዳው በዚህ ሥርዓት ከገባ አስጎብኚው፣ በቅሎ አከራዩና ማደሪያ ያለው ሰው ሁሉ የሰከላ ነዋሪ መሆን ይችላል።

«ረግረግና ትንሽ ምንጭ ምን ይታያል?» የሚል አይጠፋም። ፓኤዝና ብሩስ ያዩት ይህንኑ ነው፤ ከዚያ ረግረግ የሚነሳው ግልገል ዓባይ ጣናን ይሞላል። ጥንቃቄ የሚያሻውም ለዚሁ ነው። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ውሃው ወደ ኃይል ማመንጫ ከተጠለፈ በኋላ ምን ያህል እንደሳሳ ያየ ሰው፣ የምንጩ ዙሪያ በባሕር ዛፍ ሲከበብ ዝም አይልም። ቅዱስ ቦታ ገበያ ይሆናል የሚለው ስጋት ከዚህ ይከብዳል፤ ተገቢም ነው። ነገር ግን ቦታውን ከገበያ የሚጠብቀው ሥርዓቱን የሚያውቀው የደብሩ ሰው እንጂ ከሩቅ የሚመጣ ባለሀብት አይደለም።

«በዚህ የግጭት ጊዜ ጉብኝት?» ለሚለው መልሴ አጭር ነው። ፍኖተ ሰላም በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በደረሰው ፍንዳታ ብዙ ሰው ያለቀባት ከተማ ናት፤ ሰላም ሳይኖር እንግዳ ጥሩ ማለት ነውር ነው። ሆኖም ቦታው የማን እንደሆነ፣ ገቢው ለማን እንደሚውል መወሰን ሰላሙ እስኪመጣ መቆየት የለበትም። መንገዱ ሲከፈት ቀድሞ የሚደርሰው ባለገንዘብ ነውና፣ የሰከላ ሕዝብና ደብሩ የጋራ ማኅበራቸውን ዛሬ ያቋቁሙ፤ የዞኑ አስተዳደርም በደንብ ያጽናላቸው።