ሕመም የማይሰማት ሕመምተኛ

ሕመምተኛን መንከባከብ በመጽሐፍ ብቻ የሚማሩት ሥራ አይደለም። የተኛውን ሰው ሳያስነሡ አንሶላውን መለወጥ፥ ሳያስጨንቁ ገላውን ማጠብ፥ መርፌውን በተገቢው ስፍራ መውጋት፥ ይህን ሁሉ የሚማረው እጅ ነው፤ እጅም ሳይሳሳት አይማርም። እንግዲህ የጀማሪዋ ነርስ የመጀመሪያ ስሕተት በማን ገላ ላይ ይረፍ? እናቱን ወይም ልጁን ወደ ሐኪም ቤት የወሰደ ሁሉ ይህን ነገር ቢያስብበት የሚገባው ይመስለናል።

መልስ ካገኙለት ሰዎች አንዲቱ አሻንጉሊት ሠሪ ነበሩ። ወይዘሮ ማርታ ጄንኪንስ ቼዝ ይባላሉ፤ ባላቸው ሐኪም ሲሆኑ፥ መኖሪያቸው በአሜሪካ በሮድ አይላንድ ክፍል በፖተኬት ከተማ ነበር። አሻንጉሊቶቻቸው ከሹራብ ጨርቅ ተሰፍተው በዘይት ቀለም የተቀቡ ስለ ነበሩ፥ በውሃ ቢታጠቡ አይበላሹም ነበር።

በአውሮፓ አቈጣጠር በ1910 ዓ.ም. በኮኔቲከት ክፍል የሚገኘው የሃርትፎርድ ሆስፒታል የነርሶች ትምህርት ቤት ኀላፊ ላውደር ሳዘርላንድ፥ የሙሉ ሰው ቁመት ያላት አሻንጉሊት እንዲሠሩላቸው ወይዘሮዪቱን ጠየቁ። በ1911 ዓ.ም. አሻንጉሊቲቱ ወደ ትምህርት ቤቱ መጣች፤ ስሟም በሠሪዋ ስም «ወይዘሮ ቼዝ» ተባለ። ተማሪዎቹ እርስዋን ማገላበጥ፥ ማልበስና አልጋ ላይ ማስተኛት ተለማመዱባት። በ1914 ዓ.ም. ደግሞ ክንዷ መርፌ የሚወጋበት ስፍራ፥ ሆዷም ውሃ የሚያጠራቅም ዕቃ ተበጀለት። ስንት መርፌ እንደ ታገሠች የቈጠረላት የለም!

ይህ አሳብ ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። በጉግስ ጨዋታ ፈረሰኛው የሚወረውረው ጦር ሳይሆን ዘንግ ነው፤ ዐይኑና ክንዱ ግን ሥራቸውን ይማራሉ።

ነገር ግን ወይዘሮ ቼዝ አንድ ትልቅ ጉድለት ነበረባት፤ አታቃስትም፥ አታፍርም። በኀይል ያገላበጠቻት ተማሪ ጥፋቷን ከፊቷ ልታነብ አትችልም ነበር። ይህንም ጉድለት ዘመኑ እያደር አቃለለው። በ1960 ዓ.ም. የኖርዌዩ አሻንጉሊት ሠሪ አስሙንድ ሌርዳል ለተቋረጠ እስትንፋስ ርዳታ መስጠትን የምታስተምር «አን» የምትባል አሻንጉሊት አወጡ። ዛሬ ደግሞ ደረቷ ከፍና ዝቅ የሚል፥ የደም ሥሯ የሚመታ አሻንጉሊት አለች፤ መምህሩም ከመስተዋት ወዲያ ሆኖ፥ «ልጄ፥ ትንፋሽ አጠረኝ» እያለ በእርስዋ ፈንታ ይናገራል። ተማሪዪቱ መድኀኒቱን ብታሳስት የልብ ምቱ ይወርዳል፤ እጇም ይንቀጠቀጣል። የሞተ ሰው ግን የለም። ከዚያ በኋላ መምህሩና ተማሪዎቹ ተቀምጠው፥ ማን ምን አየ፥ ማንስ ለምን ዘገየ እያሉ ይመረምራሉ። ለእኛ ከአሻንጉሊቲቱ ይልቅ የሚበልጠው ይህ ምርመራ ነው፤ በእውነተኛው ሕመምተኛ አጠገብ እንዲህ ተረጋግቶ ለመነጋገር ጊዜ የሚገኘው ከስንት አንዴ ነውና።

አሻንጉሊቲቱ በተማሪዪቱ ስሕተት «ትሙት ወይስ ትዳን?» በሚለው መምህራን እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። ግማሾቹ ትምህርቱ በልብ እንዲቀረጽ ትሙት ይላሉ፤ ግማሾቹ ግን የጀማሪዪቱ ልብ እንዳይሰበር ይፈራሉ። እኛ የምንፈቅደው፥ ተማሪዎቹ አስቀድሞ የተነገራቸው እንደ ሆነና ከሞቱም በኋላ የሚያጽናና መምህር ያልተለያቸው እንደ ሆነ ብቻ ነው።

በአሜሪካ የነርሶች ቦርዶች ብሔራዊ ምክር ቤት ባስጠናውና በ2014 ዓ.ም. በወጣው ጥናት፥ በ10 ትምህርት ቤቶች ከ600 የሚበልጡ ተማሪዎች ተመርምረው ነበር። በሐኪም ቤት ከሚሠሩበት ሰዓት እስከ ግማሹ ድረስ በዚህ ልምምድ የተተካላቸው ተማሪዎች፥ በዕውቀትም ሆነ በሥራ ከጓደኞቻቸው ሳያንሱ ተገኙ። አጥኚዎቹም ይህ የሚሆነው መምህራኑ በዚሁ ሥራ የሠለጠኑና መሣሪያው የተሟላ ሲሆን ነው አሉ። የቀረውን ግማሽ ሰዓት ግን ተማሪዎቹ ያሳለፉት ሕመም በሚሰማው ሰው አልጋ አጠገብ ነበር።